በደብረ ሲና ዳገትና በይፋት ቆላ የቁም እንስሳት የውስጥና የውጭ ጥገኛ ተውሳኮችና መከላከያቸው

ይህች ጽሑፍ የተዘጋጀችው በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና የመድኃኒት መግዣ ገንዘብ ለሚያወጡ የህብረት ሥራ ማህበራት ነው። ዓላማዋ ጥገኛ ተውሳኮችን ሁሉ ዘርዝሮ ለመጨረስ ሳይሆን፣ በዚህ አካባቢ ከፍተኛ ጉዳት የሚያደርሱት የትኞቹ እንደሆኑ፣ መቼና በምን መከላከል እንደሚገባ ማስረዳት ነው።

ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ሆኖም በዚህች አጭር መንገድ አገሩ ፈጽሞ ይለወጣል። ከደብረ ሲና በላይ ያለው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ጉምና ብርድ የማይለየው አገር ነው። ሸዋ ሮቢት ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ማሽላ፣ ማሾና በመስኖ የሚለማ ሽንኩርት የሚበቅልበት ቆላ ነው። ከላይ የመንዝ በግ፣ ፈረስና በቅሎ፣ ከታች ፍየል፣ የአፋር በግና ግመል ይረባሉ፤ በሬ ግን በሁሉም ዘንድ አለ። ስለዚህ ለወረዳ ሁሉ አንድ ዓይነት የመድኃኒት ቀን መቁጠሪያ አውጥቶ በየቀበሌው መለጠፍ ሥራን የሚያቀል ቢመስልም፣ ከቀበሌዎቹ ግማሽ ያህሉን ያለጊዜው መድኃኒት እንዲሰጡ ያደርጋል። የልማት ሠራተኛው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ «ቀበሌዬ በየትኛው ከፍታ ላይ ነው? እንስሳቱስ ውኃ የሚጠጡት ከየት ነው?» የሚል መሆን አለበት።

የጉበት ትል

ከውስጥ ጥገኞች ሁሉ በደጋው በግና በበሬ ላይ የከፋው የጉበት ትል ነው። ሁለት ዓይነት አለ። ፋሺዮላ ሄፓቲካ የሚባለው አጠር ያለው ትል በአብዛኛው ከ1,800 ሜትር በላይ ባለው አገር ሲገኝ፣ ፋሺዮላ ጃይጋንቲካ የሚባለው ረዘም ያለው ትል ደግሞ ከ1,200 ሜትር በታች ይበዛል። በመካከላቸው ባለው ከፍታ ሁለቱም ተደባልቀው ይገኛሉ። ሸዋ ሮቢትና የሮቢ ወንዝ የመስኖ ቦዮች ያሉት በዚሁ በመካከለኛው ክልል ውስጥ ነው።

ሁለቱም ትሎች ያለ ቀንድ አውጣ መራባት አይችሉም። እንቁላሉ ከእበት ጋር ወጥቶ ውኃ ላይ ከወደቀ በኋላ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም እጭ በአንድ ቀን ውስጥ ተስማሚ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን በቀንድ አውጣው ውስጥ ተባዝቶ ብዙ መቶ ሆኖ ይወጣና በውኃ ዳር ሣር ላይ ተጣብቆ በግ ወይም በሬ እስኪግጠው ይጠብቃል። ከተዋጠ በኋላ ወጣቱ ትል የአንጀትን ግድግዳ በስቶ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ ጉበቱን ለሳምንታት ሲቦረቡር ይቆይና በ10ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት አድጎ በሐሞት ቧንቧ ውስጥ ይቀመጣል።

ይህን ጊዜ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በመድኃኒት ግዢ ላይ የሚደርሰው ብዙው ኪሳራ የሚመጣው ይህን ካለማወቅ ነውና። በየገጠሩ በብዛት የሚሸጠው አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ትል ብቻ ነው። ጉበት በመቦርቦር ላይ ያለውን ወጣት ትል አይነካም። ትሪክላቤንዳዞል ግን ወጣቱንም ያደገውንም ይገድላል። በደጋው እንስሳት ትሉን በብዛት የሚወስዱት ክረምቱ ሊያበቃ ሲል ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ምክንያቱም በመስክ ላይ የቆመው ውኃ እየሸሸ ሲሄድ መንጋው እርጥብ ሣር ፍለጋ ወደ ረግረጉ ዳር ይሰበሰባል። እንግዲህ በጥቅምት ወር አልቤንዳዞል የተሰጠው በግ ገንዘብ ወጥቶበታል፤ በጉበቱ ውስጥ ያለው ወጣት ትል ግን በደህና ተቀምጧል። በግ በኅዳርና በታኅሣሥ በድንገት መሞት ከጀመረ፣ ሲከፈትም ሆዱ ደም የቀላቀለ ውኃ ከያዘና ጉበቱ ከተቦረቦረ፣ ትሪክላቤንዳዞል ከመግዛት ሌላ አማራጭ የለም። ድንገተኛ ሞት የሌለበት ቀበሌ ግን ርካሹን አልቤንዳዞል በጥርና በየካቲት፣ ትሉ ካደገ በኋላ ቢሰጥ ይጠቀማል። ሁለተኛውን ዙር በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ፣ ዋናው ዝናብ ሳይገባ መስጠት ይገባል። የዚህ ሁለተኛ ዙር ጥቅም ለበጉ ብቻ አይደለም፤ በክረምቱ ውኃ ላይ የሚወድቀውን እንቁላል ስለሚቀንስ ለሚቀጥለው ዓመት መስክ ጭምር ነው።

በመስኖ ዙሪያ ባለው ቆላ ሁኔታው ይለያል። ቦዩ በበጋም ውኃ ስለሚይዝ ቀንድ አውጣው ዓመቱን ሙሉ ይኖራል። ስለዚህ በዚያ ከመድኃኒት ይልቅ ቦዩን ማጽዳት፣ የሚያፈስሰውን መዝጋት፣ ከብቱም ከቦዩ ዳር እንዳይግጥና ተለይቶ በተሠራ ገንዳ እንዲጠጣ ማድረግ ይበልጣል። ማህበሩ ለቦይ ጠረጋ ሰው በሚያሰልፍበት ቀን ገንዳውንም ቢሠራ ወጪው ብዙ አይሆንም።

ስለ ቀንድ አውጣ ሲነሣ እንዶድን መርሳት አይገባም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው በዓለም የታወቀ ነው። እንዶድ የጉበት ትል የሚያስተላልፉትንም ቀንድ አውጣዎች ይገድላል። ሆኖም ዓሣንም ስለሚገድል፣ ውኃውም ሲፈስ ጉልበቱ ስለሚያልቅ፣ በወንዝ ላይ መበተን አይገባም። የሚጠቅመው በትንሽና በቆመ ውኃ ላይ ነው።

የጨጓራ፣ የአንጀትና የሳምባ ትሎች

በቆላው በግና ፍየል ላይ ቀዳሚው ጠላት ሂሞንከስ የሚባለው ደም መጣጭ ትል ነው። የሚኖረው በአራተኛው ጨጓራ ውስጥ ሲሆን፣ ቀጭን ክር ይመስላል፤ ሴቷ ቀይና ነጭ ሆና እንደተገመደ ፈትል ትታያለች። አንድ ትል በቀን የሚመጥጠው ደም 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ይህ ከቁጥር የማይገባ ይመስላል። ነገር ግን 2,000 ትል ያለበት በግ በቀን 100 ሚሊ ሊትር ደም ያጣል። ሃያ ኪሎ የሚመዝን በግ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም ከአንድ ሊትር ተኩል የሚበልጥ አይደለም። እረኛው «ትናንት ደህና ነበረ» ያለው በግ ዛሬ ወድቆ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው በግ አይቀዘንም፤ ስለዚህ ትል ያለበት በግ ሁሉ ይቀዝናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይሳሳታል።

ሂሞንከስ ሙቀትና እርጥበት ባገኘ ጊዜ በፍጥነት ይራባል። እንቁላሉ በሳምንት ጊዜ ውስጥ በሣር ላይ ለመዋጥ የተዘጋጀ እጭ ይሆናል፤ ከተዋጠም በኋላ በሦስት ሳምንት እንቁላል መጣል ይጀምራል። ስለዚህ በይፋት ቆላ በበልግም ሆነ በክረምት ዝናብ በጣለ በወር ጊዜ ውስጥ መንጋውን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል።

የዓይንን ቆብ ገልብጦ የውስጡን ቀለም ማየት ከሁሉ የቀለለ ምርመራ ነው። ለዚህ የሚያገለግል ፋማቻ የሚባል ባለ አምስት ደረጃ የቀለም ማነጻጸሪያ ካርድ በደቡብ አፍሪካ ተሠርቶ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ ከሆነ መድኃኒት አያስፈልግም፤ ነጣ ያለና ነጭ ከሆነ ወዲያው ይሰጣል። ነገር ግን ይህ ዘዴ በቆላው እንጂ በደጋው ብቻውን አያስተማምንም፤ የጉበት ትልም ደም ያሳጣልና። በአገጭ ሥር የሚወርደውም ለስላሳ እብጠት እንዲሁ በሁለቱም ይታያል። ከጣርማ በር በታች ባለው ዳገት ላይ የሚሠራ ሰው በተለይ በዚህ ይቸገራል።

ለእነርሱ የምንመክረው እርድን ማየት ነው። ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ በየቤቱ በግ ይታረዳል። በዚያ ቀን የልማት ሠራተኛው በሰፈሩ ዞሮ አምስት ስድስት ጉበት ቢያይ፣ የሐሞቱን ቧንቧ ቆርጦ ጠፍጣፋ ትል መኖሩን ቢመለከት፣ አራተኛውንም ጨጓራ ከፍቶ በንጹሕ ውኃ ቢያጥብ፣ ቀበሌው የትኛውን መድኃኒት መግዛት እንዳለበት ያለምንም ወጪ ያውቃል። ሰዎች የተበላሸ ጉበት አግኝተው ዝም ብለው ይጥላሉ፤ ማን እንዳረደና በጉ ከየት መስክ እንደመጣ ቢመዘገብ ግን ትልቅ መረጃ ነው። ከዚያ የበለጠ ማረጋገጫ ሲያስፈልግ፣ ከእንስሳው ፊንጢጣ በቀጥታ የተወሰደ ትኩስ በጠጥ በንጹሕና በሚከደን ዕቃ፣ ከነምልክቱና ከነቀኑ፣ በቀዝቃዛ ሁኔታ ተይዞ በወረዳው የእንስሳት ሐኪም በኩል ወደ ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ መላክ ይቻላል። መሬት ላይ የተለቀመ በጠጥ አይላክ።

በደጋው በግ ላይ የሳምባ ትልም አለ። ከትሎቹ ዋነኛው ዲክቲዮካውለስ ፊላሪያ ሲሆን፣ ብርዳማና እርጥብ አገር ይስማማዋል። በጉ ሲነዳ ይስላል፣ ያለከልካል፣ ንፍጡ ይዝረከረካል፣ ይከሳል። ማሳል ሁሉ ግን የሳምባ ትል አይደለምና የሚያተኩስ በግ ለሐኪም ይታይ። ለሳምባው ትል አልቤንዳዞልና ቴትራሚሶል ሁለቱም ያገለግላሉ።

የወለደች በግ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ብዙ የትል እንቁላል ትጥላለች። ይህ በደብረ ብርሃን በመንዝና በሆሮ በጎች ላይ በተደረገ ጥናት ታይቷል። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ስለዚህ ለመንጋው ሁሉ የሚበቃ ገንዘብ ካልተገኘ፣ በዝናብ ወራት ለወለዱ እናቶችና ጡት ለጣሉ ግልገሎች ቅድሚያ መስጠት ይገባል። ጠንካራው ሙክት ይቆየው።

አዙሪትና ውሻ

በጉ አንገቱን አጣሞ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚዞር ከሆነ፣ አዙሪት የሚባለው በሽታ ነው። የሚመጣው በአንጎሉ ውስጥ ከተቀመጠ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ነው፤ ከረጢቱም የውሻ ኮሶ ልጅ ነው። የታመመው በግ ታርዶ ጭንቅላቱ ለውሻ ሲጣል ኮሶው በውሻው አንጀት ያድጋል፤ የውሻውም ዓይነ ምድር መስኩን ይበክላል። ለበጉ የሚሰጥ የሚያስተማምን መድኃኒት ስለሌለ ሥራው ሁሉ በውሻው ላይ ነው። ጭንቅላት፣ እንዲሁም ውኃ የቋጠረ ሳምባና ጉበት ለውሻ አይጣል፤ ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር። በሳምባና በጉበት ላይ የሚገኘው የውኃ ቋጠሮ ከሌላ የውሻ ኮሶ የሚመጣና ሰውንም የሚይዝ አደገኛ በሽታ ነው። የመንጋ ጠባቂ ውሾች ፕራዚኳንቴል በየጊዜው እንዲሰጣቸው ማህበሩ ቢያቅድ በጎችንም ልጆችንም ይጠብቃል።

መዥገር

በቆላው ዋናዎቹ የመዥገር ዝርያዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ቡፊለስ የሚባለው ትንሹና ሰማያዊ መሰሉ መዥገር ነው። ከእጭነቱ ጀምሮ ጠግቦ እስኪወድቅ ሦስት ሳምንት ያህል በአንድ ከብት ላይ ይቆያል፤ ደም የሚያሸና በሽታም ያስተላልፋል። ሁለተኛው አምብሊዮማ የሚባለው ትልቁ፣ ጀርባው ያጌጠው፣ እግሩ ቀይና ነጭ የተቀለበሰው ነው። ይህኛው በዕድገቱ ሦስት ጊዜ እንስሳ ይለዋውጣል። አፉ ረጅም ስለሆነ ጡትን ያቆስላል፣ ቆዳን ይበሳል፤ ከብትን፣ በግንና ፍየልን የሚገድለውን የልብ ውኃ በሽታም ያስተላልፋል።

በዚህ ላይ ከደጋ ለሚመጡ እንስሳት ልዩ ማስጠንቀቂያ አለን። ነጋዴ ከመንዝ በጣርማ በር አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚያወርደው በግ፣ ወይም ማህበር ለማደለብ ከላይ የሚገዛው በሬ፣ ለቆላው መዥገርና ለበሽታው ባዕድ ነው። በመጣ በሁለትና በሦስት ሳምንት ትኩሳት ይዞት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከማውረዱ በፊት መድኃኒት መረጨት፣ በመጀመሪያው ወርም በቅርብ መጠበቅ አለበት። ከሰንበቴ ገበያ የሚገዛ እንስሳም ከየት እንደመጣ ስለማይታወቅ ለብቻው መታሰር፣ የትልና የመዥገር መድኃኒት ማግኘትና ከዚያ በኋላ ከመንጋው መቀላቀል ይገባዋል።

በአገሩ ተወልዶ ያደገውን የአገር ከብት በተመለከተ ግን ያለውን መዥገር ሁሉ ጠራርጎ ለማጥፋት መሞከር አይደገፍም። ጥጃው በልጅነቱ ጥቂት መዥገር ሲነክሰው ለበሽታው መቋቋሚያ ያገኛል። መዥገር ሲበዛ፣ በተለይ በጡትና በብልት ዙሪያ ሲታይ ይረጭ። የተዳቀለች የወተት ላም ግን ይህ አይበቃትም፤ በዝናብ ወራት በየጊዜው መረጨት አለባት። ቡፊለስ ለበዛበት መንጋ ርጭቱ በየ21 ቀኑ ቢደገም ከመዥገሩ የዕድሜ ዘመን ጋር ይስማማል።

ለመርጨት በብዛት የሚገኘው 12.5 በመቶ የሆነው አሚትራዝ ነው። ለከብት መዥገር 2 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ውኃ ይበጠበጣል፤ ማለትም 15 ሊትር ለሚይዝ የጀርባ መርጫ 30 ሚሊ ሊትር ነው። ለአንድ ትልቅ ከብት 4 ሊትር ያህል ድብልቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ 60 ከብት ለመርጨት 240 ሊትር ድብልቅ፣ ለዚያም 480 ሚሊ ሊትር መድኃኒት ይበቃል። አሚትራዝ ለፈረስ፣ ለበቅሎና ለአህያ ፈጽሞ አይረጭም፤ አንጀታቸውን አስሮ ይገድላቸዋል። የአንድ ቀበሌ ከብት በአንድ ውኃ የሚጠጣ ከሆነ ርጭቱ በአንድ ቀን ለሁሉም ቢሆን ነው የሚጠቅመው። አንዱ ረጭቶ ሌላው ቢተው መድኃኒቱን ውኃ በላው ማለት ነው።

ለሽንኩርት የተገዛ የተባይ መርዝ ለከብት አይረጭም። ይህን መድገም የሚያስፈልገው መስኖ ባለበት አገር መርዙ በየቤቱ ስለሚገኝ ነው። ቀድሞ ለመዥገር በሰፊው ይሠራበት የነበረው ቶክሳፌንም ዛሬ በዓለም አቀፍ ስምምነት የታገደ ስለሆነ፣ በአሮጌ መጋዘን ቢገኝ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማስረከብ እንጂ መጠቀም አይፈቀድም።

የበግና የፍየል እከክ

ቅማል፣ እከክ አምጪ ምስጦችና በደጋው በግ ላይ የምትኖር ክንፍ አልባ ዝንብ ቆዳን ያበላሻሉ። በጉ ራሱን ከግንብ ጋር ያሻል፣ ጸጉሩን ይነቅላል። በውጪ ላይ የሚታየው ጥቂት ሲሆን፣ ቆዳው ፋብሪካ ገብቶ ጸጉሩ ሲላጭ ግን እንደ ሽፍታ የተበተነ ምልክት ይወጣበታል። ነጋዴውም ፋብሪካውም «እከክ» የሚሉት ይህንኑ ነው። የባቲ የፍየል ቆዳ በውጭ አገር ገበያ ስሙ የታወቀ እንደመሆኑ፣ በእከክ ምክንያት ደረጃው መውረዱ ለአርቢውም ለአገርም ጉዳት ነው።

መድኃኒቱ ቅማልን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል ርጭቱ ወይም ነከራው በ14 ቀን መደገም አለበት። ለክንፍ አልባዋ ዝንብ ግን ሙሽራዋ በጸጉር ላይ ተጣብቃ ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ስለምትቆይ፣ ሁለተኛው ነከራ ከአራተኛው ሳምንት ላይ ቢሆን ይሻላል። ከመንጋው አንዲት በግ እንኳ ሳትነከር ከቀረች ሥራው እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ለምስጥ እከክ አይቨርሜክቲን ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ መጠኑ 1 በመቶ ከሆነው 1 ሚሊ ሊትር ለ50 ኪሎ ነው። ወተቷ ለሰው ለሚጠጣ እንስሳ አይሰጥም።

ስለ መድኃኒት መጠን

ትል መድኃኒትን የሚለማመደው በአብዛኛው መጠኑ አንሶ በመሰጠቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት በምሥራቅ ኢትዮጵያ በበግና ፍየል መንጋ ላይ መድኃኒት የተላመዱ ትሎች መኖራቸውን አሳይቷል። መጠንን በዓይን ከመገመት ክብደትን በሜትር መለካት ይሻላል። የበሬውን የደረት ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ለክቶ በራሱ ማባዛት፣ ውጤቱን ከትከሻ ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንት ባለው ርዝመት ማባዛት፣ ከዚያም ለ10,838 ማካፈል ነው። የደረቱ ዙሪያ 155፣ ርዝመቱ 128 የሆነ በሬ 284 ኪሎ ያህል ይመዝናል።

ለጉበት ትል የከብት የአልቤንዳዞል መጠን በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ነው። ይህ በሬ 2,840 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። የከብቱ እንክብል 2,500 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ «አንድ በሬ አንድ እንክብል» የሚለው ልማድ ለዚህ በሬ አይበቃውም፤ ከበጉ የ300 ሚሊ ግራም እንክብል ሁለት ሊጨመርለት ይገባል። ለበግ የጉበት ትል መጠን በኪሎ 7.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ግማሽ እንክብል የሚበቃው እስከ 20 ኪሎ ለሚመዝን በግ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉውን መስጠት ነው። ትሪክላቤንዳዞል ለበግ በኪሎ 10፣ ለከብት 12 ሚሊ ግራም ነው።

አልቤንዳዞል በመጀመሪያው ወር እርግዝና ላይ ላለች እንስሳ አይሰጥም፤ ጽንሱን ይጎዳል። አውራው ከመንጋው ጋር ዓመቱን ሙሉ በሚውልበት አገር ማን እንዳረገዘች ማወቅ ስለሚያስቸግር፣ አውራው በገባበት ወር ለእናቶች ቴትራሚሶል መስጠት ይመረጣል። ቴትራሚሶል ግን የጉበት ትልን አይገድልም። ወተትና ሥጋ ለምግብ የሚውሉበትን ቀን በተመለከተ በመድኃኒቱ መለያ ላይ የተጻፈው ይከበር፤ መለያው የጠፋ ጠርሙስ አይገዛ። ማህበሩም በመዝገቡ ላይ ቀኑን፣ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ የእንስሳውን ዓይነትና መስኩን ይጻፍ። በሚቀጥለው ዓመት ግዢ ሲታቀድ ከዚህ መዝገብ የተሻለ አማካሪ አይገኝም።